የጣና ዋነኛ ደንበኛ ዋና አያውቅም

የሐይቅ ዳር መዝናኛ ገበያ ማንን እንደሚያገለግል የተረዳ ነጋዴ ያተርፋል፤ ያልተረዳ ግን ደንበኛውንም ገንዘቡንም ውሃ ይወስድበታል

ባሕር ዳር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ መጥተን አንድ ቀን የተረፈን ስምንት ሰዎች ወደ ዘጌ ለመሄድ ጀልባ ላይ ተሳፍረናል። ጀልባዋ ከመነሣቷ በፊት ከመካከላችን አንዱ እንደ ቀልድ «ዋና የሚችል እጁን ያውጣ!» አለ። አንድ እጅ ብቻ ወጣ። እሱም የጀልባ ነጂው እጅ ነበር።

ሁላችንም ሳቅን። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበርና ሳቁ አላስጨነቀንም። ዘጌ ደርሰን በቡናው ጫካ ውስጥ አለፍን፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን፣ ቡና ሸምተን ተመለስን። ስንመለስ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ነፋሱ ተነሥቶ ውሃው ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ እየተረጨ ወደ ጭናችን ይገባ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡት በዕድሜ ገፋ ያሉ ነጋዴ ቀስ ብለው «አንተ ልጅ፣ ያን ላይፍ ጃኬት ብታወጣልን?» አሉት ነጂውን።

«አይዞዎት አባባ፣ ይኼ ምንም አይደለም። ጣና ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜም እንዲህ ነው» ሲል መለሰ።

ጃኬቶቹ ከመቀመጫው ሥር በገመድ ታስረው ነበር። ገመዱ እስኪፈታ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ከተፈቱት መካከልም ሁለቱ መቆለፊያ አልነበራቸውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ወደብ ደረስን። ነገር ግን በማግስቱ ጠዋት ወደ ደብረ ማርያም ደሴት ለመሄድ ይዘነው የነበረውን ዕቅድ፣ ማንም ማንንም ሳያማክር፣ ስምንታችንም ተውነው። ባለ ጀልባው የስምንት ሰው ሒሳብ ያጣው በማዕበል አይደለም፤ በሁለት መቆለፊያዎች ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተውም ይህንኑ ሒሳብ ነው።

ዋናተኛውም አይዋኝም

ስለ ሐይቅ ዳር መዝናኛ ሲነሣ ብዙ ባለሀብት በአእምሮው የሚታየው የዋና ልብስ የለበሰ እንግዳ ነው። ጣና ግን እንዲህ ያለ ገበያ አይደለም። በሐይቁ ዳርቻ የቢልሃርዚያ በሽታ እንዳለ ከታወቀ ቆይቷል። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ በዳርቻ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድጎ፣ ውሃ ውስጥ በገባ ሰው ቆዳ በኩል ሰውነት ውስጥ ይገባል። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ስለዚህ በመዋኛ ገንዳ ያደገ የውጭ አገር ሰው እንኳ መመሪያ መጽሐፉን አንብቦ ከመጣ ጣና ውስጥ ዘሎ አይገባም።

የላንጋኖ ሐይቅን ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ላንጋኖ ውሃው ቢደፈርስም ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው በሚል ስሙ የሚሸጠው ዋናን ነው። ጣና የሚሸጠው ግን በውሃው ላይ መሄድን ነው። ይኸውም ወደ ገዳማቱ ጉዞ፣ የአባይን መውጫ ማየት፣ በፔዳል ጀልባና በካያክ ዳር ዳሩን መዞር፣ በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ ፎቶግራፍ መነሣት፣ ምሽት ላይ ዳር ተቀምጦ ዓሣ መብላት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዋና መቻልን የሚጠይቅ አንድም የለም።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ዋና የማይችለው ሰው በጣና ገበያ ላይ ጎዶሎ ደንበኛ አይደለም። ከዋናተኛው ጋር የሚገዛው ዕቃ አንድ ነው። ልዩነታቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋናተኛው ነገር ቢበላሽ በራሱ ይተማመናል፣ ሌላው ግን የሚተማመነው በባለ ጀልባው ነው። ዋና የማይችለው ደንበኛ ከመቀመጫው ጋር መተማመኛም ይገዛል ማለት ነው።

የዚህ ደንበኛ ቁጥርም ከጊዜ ወደ ጊዜ ክብደቱ ጨምሯል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ፣ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የውጭ አገር ጎብኚን አርቀውታል። ሲረጋጋ ቀድሞ የሚመጣው የአገር ውስጥ እንግዳ ነው። ለስብሰባ፣ ለሠርግ፣ ለጥምቀት ሰሞን የሚመጣው ደገኛ ከተሜ ዋና ሳይማር ያደገ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ሲመጣም ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለልጆቹ ይፈራል።

የሐይቁ ጠባይ

ጣና ከ3 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ ይጽናናል። መጽናናቱ ግን ከንቱ ነው። አንደኛ፣ ዋና ለማይችል ሰው ሁለት ሜትርም አሥራ አራት ሜትርም አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ በነፋስ ሲመታ የሚያስነሣው ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ረጅምና ለስላሳ አይደለም። ትንሿን ጀልባ የሚያንገጫግጫት ይኸው ነው።

የሐይቁን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች ሩቅ መንገድ በጠዋት ይጀምራሉ። ደብረ ማርያም ቅርብ ነች፣ ዘጌ መለስተኛ ጉዞ ነው፣ ደቅ ደሴትና ናርጋ ሥላሴ ግን የሰዓታት መንገድ ናቸው። ዋና የማይችል እንግዳ ከቅርቡ ቢጀምርና ከቀትር በፊት ቢመለስ ጉዞው የሚያስደስት እንጂ የሚያስጨንቅ አይሆንም። ይህን አስቀድሞ የሚነግር ባለ ጀልባ ዛሬ አንድ ጉዞ ቢቀርበት ነገ ሁለት ያገኛል።

50፣ 100፣ 150

ነጋዴ አንባቢዎቻችንን በቀጥታ የሚመለከተው የላይፍ ጃኬቱ ነገር ነው። በከተማው ብርቱካንማ ቀለም ያለው ሁሉ «ላይፍ ጃኬት» ይባላል። ዕቃው ግን እንደ ብረትና እንደ ጎማ ሁሉ ደረጃ አለው።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በቁጥር 12402 ያወጣው መለኪያ ዕቃውን በኒውተን ይከፍለዋል። አሥር ኒውተን በግምት አንድ ኪሎ የሚያነሣ ኃይል ነው። ባለ 50 ኒውተኑ የመንሳፈፊያ ሰደሪያ ሲሆን የተሠራው ዋና ለሚችልና ለዳርቻ ቅርብ ለሆነ ሰው ነው። ባለ 100 ኒውተኑ ጸጥ ላለ ውሃ የሚሆን፣ አንገት ላይ ትራስ ያለው ነው። ባለ 150ው ደግሞ ለማዕበላማ ውሃ ነው።

አንድ ጎልማሳ ጭንቅላቱ ከውሃ በላይ እንዲሆን የሚያስፈልገው ተጨማሪ ኃይል ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። እንግዲያስ 50 ኒውተን አይበቃም ወይ? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ያንሳፍፈዋል፤ ነገር ግን ፊቱን ወደ ላይ አይገለብጠውም። ዋናተኛው በራሱ ይገለበጣል፤ ዋና የማይችለውና የደነገጠው ሰው ግን በግንባሩ ሊንሳፈፍ ይችላል። በመሆኑም 50 ኒውተኑን አስመጥቶ ለጣና ጀልባዎች የሸጠ አስመጪ ዕቃውን የሸጠው ለተሳሳተ ደንበኛ ነው። የልጆች ደግሞ በኪሎ ተለክቶ የሚሠራ ሲሆን በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ሊኖረው ይገባል። የአዋቂ ጃኬት ለብሶ የወደቀ ሕፃን ከጃኬቱ ሥር ሾልኮ ይወጣል።

ዕቃውን በአገር ውስጥ እንሥራ የሚል ባለሀብት ቢነሣ ሐሳቡ መልካም ነው። ጨርቅ፣ ማሰሪያ፣ መቆለፊያና ስፌት ናቸውና። ብርቱ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ግን ውስጡ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ ውሃ ይመጣል፤ ስፖንጅ የተሞላ ጃኬት ከጊዜ በኋላ አንሳፋፊ ሳይሆን መልሕቅ ይሆናል። የሚያስፈልገው ቀዳዳው የተዘጋ፣ ውሃ የማያስገባ ፎም ነው።

የማይታየው ጥራት

ታዲያ ጥሩው ዕቃ ለምን ገበያውን አይዝም? እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ምሁር ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አወጣ። አሜሪካኖች ከላይ አምሮ ከውስጥ የተበላሸ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። ገዢው ሎሚውን ከደህናው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ደህና መኪና ያለው ሰው ከገበያ ይወጣል፣ ሎሚ የያዘው ይቀራል። አከርሎፍ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ ሆነ። የመኪና ደላሎቻችን ነገሩን ያለ ዩኒቨርሲቲ ያውቁታል።

የጀልባ ገበያውም እንዲሁ ነው። ወደቡ ላይ የቆመው እንግዳ የሞተሩን ዕድሜ፣ የጃኬቱን ፎም፣ የነጂውን ልምድ አያይም። የሚያየው ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ በዋጋ ይከራከራል። ደህና ጃኬት የገዛው ባለ ጀልባ ካልገዛው ጋር በአንድ ዋጋ ከተወዳደረ ወጪው ኪሣራ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመትም አይገዛም። መድኃኒቱ የማይታየውን ጥራት እንዲታይ ማድረግ ነው። ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር ወጥቶ ወደቡ ላይ ይሰቀል፤ ነጂው ራሱ ቀድሞ ይልበስ፤ ልኩ በኪሎ ተጽፎ ይታይ። የመዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴልም ዋና የማይችለው እንግዳ ደረቱ በሚደርስ የገንዳ ውሃ ውስጥ ጃኬቱን ለብሶ እንዲሞክር ያድርግ። ሰው በጃኬት እንደሚንሳፈፍ በገዛ ሰውነቱ ካወቀ በኋላ በማግስቱ ካያክ የሚጠይቀው ራሱ ነው።

ስንት ያስወጣል?

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ምንዛሪ፣ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ከ120 ብር በላይ ሄዷል። የጀልባ ሞተርም ጃኬትም ከውጭ የሚመጡ ናቸውና ባለ ጀልባው «ተወደደብን» ቢል እውነት አለው። ሆኖም ሒሳቡን እንሥራው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ደህና ጃኬት 6 ሺሕ ብር ይፈጃል እንበል። ሦስት ዓመት ያገልግል፤ በዓመት 150 ቀን፣ በቀን ሁለት ጉዞ ይሥራ። ይህ 900 ጉዞ ነው። ለአንድ ሰው ለአንድ ጉዞ የሚደርሰው 6 ብር ከ67 ሳንቲም ይሆናል። መቀመጫው ግማሹን ጊዜ ባዶ ነው ብንል እንኳ 13 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። አንባቢ የራሱን ዋጋ አስገብቶ ሊያሰላ ይችላል፤ ውጤቱ ግን ወደቡ ላይ ከሚጠጣ አንድ ለስላሳ ዋጋ የሚያልፍ አይመስለንም።

በሌላው ወገን ያለው ሚዛን ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300 ሺሕ ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አንድ አደጋ ቢደርስ የሚጎዳው የጀልባዋ ባለቤት ብቻ አይደለም። ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ የዘጌ ቡና ሻጭ፣ ዓሣ ጠባሿ ሁሉ የወቅቱን ገበያ ያጣሉ። ወሬ ከጀልባ ይፈጥናል።

ለሚሄዱ አንባቢዎች

ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አንባቢ በመጀመሪያ የመንገዱንና የከተማውን ወቅታዊ ሁኔታ ያጣራ። ወደቡ ላይ ከዋጋ በፊት ጃኬቱን ይጠይቅ፤ ለብሶ፣ ሁሉንም መቆለፊያ ቆልፎ፣ ጓደኛው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። እስከ ጆሮው ከወጣ ልኩ አይደለም። በጠዋት ይሂድ። እግሩን ዳርቻው ውሃ ውስጥ አይንከር፤ ከነከረም ወደ ቤቱ ሲመለስ ለሐኪም ይንገር፣ ቢልሃርዚያ መድኃኒት አለው። ዋና አለመቻሉን ደግሞ ለነጂው ሳያፍር ይናገር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው፣ ከአፋሩ ጋር ቀድሞ ስለሚስቅ ነው።

ከዚያ ጉዞ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ። አንድ ወጣት ባለ ጀልባ ገና ሳልሳፈር ጃኬቱን አልብሶኝ፣ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ጎትቶ፣ «ጋሼ፣ ዋና ይችላሉ?» ሲል ጠየቀኝ። አልችልም አልኩት። «እንግዲያስ መሐል ይቀመጡ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት እንመለሳለን» አለኝ። አባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ስፍራ ያን ቀን በደንብ አየሁት፤ በመጀመሪያው ጉዞ ዓይኔ ከጀልባዋ ወለል አልተነሣም ነበር። ስንመለስ የጠራውን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። መርካቶ ዳር ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።