ዝናባችሁ ግድቡ ውስጥ አይገባም፤ ታዲያ ምን አኮራችሁ?

አዲሱ ገበያ ላይ በክረምት የሚወርደውን ዝናብ እስቲ በሐሳብ ተከተሉት። ከቆርቆሮው ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከዚያ የአቃቂን ወንዝ ይዞ ከተማዋን ወደ ደቡብ ያቋርጥና አዋሽ ውስጥ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ በአፋር በረሃ አድርጎ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር እንኳን አይደርስም። አሁን ደግሞ በጎጃም መንገድ ሽቅብ ወደ ሱሉልታ ውጡ። የእንጦጦን ጋራ እንዳለፋችሁ የሚወርደው ዝናብ ዕጣው ሌላ ነው፤ ከሱሉልታ ሜዳ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ ወደ ጉባ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር የተፋሰስ ወሰን ይባላል። እናም ከአዲሱ ገበያ አንድ ጠብታ ውሃ እንኳን ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ውስጥ አይገባም።

ይልቅስ ውሃችሁ የሚገባበት ሌላ ግድብ አለ፤ አባ ሳሙኤል ይባላል። ከከተማው በስተደቡብ አቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራ፣ በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ስለ አባ ሳሙኤል ደረታችሁን ነፍታችሁ ታውቃላችሁ? ለእሱ ቲሸርት የለበሰ፣ ፊቱን የተቀባ፣ መንገድ ላይ የጨፈረ ሰውስ አይታችኋል? እኔ አላየሁም።

እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቻችን ሄደን ያላየነው፣ ዝናባችንም የማይደርሰው ግድብ «የኔ» የሚያሰኘን ምንድን ነው? ጥያቄውን ሰፋ ስናደርገው፣ ሰው አገሩን ለምን ይወዳል? በአገሩስ ለምን ይኮራል? ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም። ጋሎፕ የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አሜሪካውያንን «አሜሪካዊ በመሆንህ ምን ያህል ትኮራለህ?» እያለ ይጠይቃል። መልሱ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወርዷል። ይህ ብቻውን አንድ ነገር ይነግረናል፤ ኩራት አብሮን ተወልዶ እንደ ዓይናችን ቀለም ጸንቶ የሚኖር ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ቀላሉን መልስ እንሞክር፤ ጥቅም። ውሃችን ወደ ጉባ ባይሄድም መብራቱ ወደኛ ይመጣል። ከግድቡ የሚነሳው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይደርሳል፤ ሆለታ ደግሞ የአዲስ አበባ ደጅ ነው። 13 ተርባይኖች፣ 5,150 ሜጋ ዋት፤ ወደ 780 አባ ሳሙኤሎች ማለት ነው። ስለዚህ ጥቅሙ እውነት ነው። ግን ቀኖቹን ተመልከቱ። የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት የጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። 11 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግድቡ ለማንም አንዲት አምፖል አላበራም፤ ሰዉ ግን ይዘፍንለት ነበር። ከጥቅሙ የቀደመ ኩራት በጥቅም ሊብራራ አይችልም። ሌላ ምክንያት ያስፈልገናል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ማይክል ኖርተን፣ ዳንኤል ሞቾን እና ዳን አሪየሊ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ሰዎችን ወረቀት አጥፈው እንደ እንቁራሪት ያለ ቅርጽ እንዲሠሩ አደረጉና «ይህን ለመግዛት ስንት ትከፍላለህ?» አሏቸው። ሠሪዎቹ በአማካይ 23 ሳንቲም ገደማ ለመክፈል ፈቀዱ። ያልሠሩት ሰዎች ለዚያው ለተጨማደደ ወረቀት የሰጡት ዋጋ 5 ሳንቲም ገደማ ነበር። እጅህ የነካው ነገር በዓይንህ ውስጥ ዋጋው ይጨምራል ማለት ነው። ጥናቱ ሌላም ነገር አገኘ፣ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝም እሱ ነው፦ የተጀመረው ሥራ ካላለቀ፣ ወይም አልቆ ከፈረሰ፣ ይህ ተጨማሪ ዋጋ ይጠፋል።

አሁን ወደ ግድቡ እንመለስ። የውጭ አበዳሪ ሳይጠበቅ ከአገር ውስጥ ገንዘብ ሲሰበሰብ ምን ምን ነበር? የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጠ፤ ነጋዴው ቦንድ ገዛ፤ በ8100 አጭር መልእክት ተላከ፤ የግድቡ ዋንጫ ከክልል ክልል ዞረ። ከቤታችሁ የሆነ ሰው፣ እናት ይሁን አጎት፣ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው የቦንድ ወረቀት ይኖር ይሆናል። የአንድ ሰው መዋጮ ከኮንክሪቱ ውስጥ ምን ያህሉን ይገዛል ብትሉ ከእፍኝ ብዙም አያልፍም። ግን ያቺ እፍኝ ከወረቀት እንቁራሪት ትበልጣለች።

አሜሪካኖቹም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። የነጻነት ሐውልት ከፈረንሳይ የተሰጠቻቸው ስጦታ መሆኗን ታውቁ ይሆናል። የምትቆምበትን መሠረት ማሠራት ግን የአሜሪካኖቹ ድርሻ ነበር፤ ገንዘቡ አልሞላ ብሎ ሥራው ተጓተተ። እ.ኤ.አ. በ1885 የጋዜጣ ባለቤቱ ጆሴፍ ፑሊትዘር «የሰጠን ሰው ሁሉ፣ መጠኑ ምንም ያህል ቢያንስ፣ ስሙን በጋዜጣዬ አወጣለሁ» አለ። በጥቂት ወራት ከ100,000 በላይ ሰዎች ከ100,000 ዶላር በላይ አዋጡ፤ አብዛኞቹ የሰጡት ከአንድ ዶላር በታች ነው፤ ሳንቲም ያጠራቀሙ ሕፃናት ሁሉ ነበሩበት። አንድ ሀብታም ገንዘቡን በሙሉ ቢከፍለው ኖሮ መሠረቱ ያው መሠረት ነው። ሐውልቷ ግን የሀብታሙ ትሆን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሰጥቶ መኩራትና ተቆርጦበት ዝም ማለት አንድ አይደሉም። ሳይጠየቅ ከደመወዙ የተቆረጠበት ሰው ካለ፣ ወረቀቱን ያጠፈለት ሌላ ሰው ነውና ከእሱ ያንኑ የባለቤትነት ስሜት መጠበቅ ይከብዳል።

መስጠት ግን ሁሉንም አያብራራም። ምክንያቱም ለኃይሌ ገብረሥላሴ እግር ማንም ቦንድ አልገዛም! መስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሴኮንድ ነው። ዓይን ከመጨፈን ያነሰ ጊዜ። ያን ቀን በየቴሌቪዥኑ ፊት የተባለው «ኃይሌ አሸነፈ» ብቻ አልነበረም፤ «አሸነፍን» ተብሏል። ማን አሸነፈ? ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ሮጠ?

ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ይህንኑ መዘኑ። በሰባት ዩኒቨርሲቲዎች፣ የትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን ካሸነፈ በኋላ ባለው ሰኞ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም የያዘ ልብስ ለብሰው ክፍል የሚገቡ ተማሪዎች ቁጥር ይጨምር ነበር። በስልክ ስለ ጨዋታው ሲጠየቁ ደግሞ ሲያሸንፉ «እኛ»፣ ሲሸነፉ «እነሱ» ማለት ይቀናቸዋል። ለዚህ ጥናት ደግሞ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይመቻል፤ «እኛ» ብለን ለብቻው መጥራት ሳያስፈልገን ግሡ መጨረሻ ላይ ሸጉጠነዋልና። «አሸነፍን» ላይ ያለችው «ን» መላውን አገር ተሸክማለች። ብሔራዊ ቡድናችን በጥቅምት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 ረትቶ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ ሁሉም «አለፍን» አለ። ደቡብ አፍሪካ ላይ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ስንረታስ? ያቺ «ን» ወዴት እንደገባች ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።

ግን «እኛ» ለመሆን ምን ያህል ነገር ያስፈልጋል? በጣም ጥቂት። ሄንሪ ታጅፌል ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ ቆይቶ ሲመለስ ቤተሰቡ አልቆ ነበር። ሰው በጎረቤቱ ላይ እንዲህ የሚነሳው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ቢከተለው አያስገርምም። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ላይ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆችን በሁለት ቡድን ከፈላቸው። የነገራቸው ምክንያት የሁለት ሠዓሊዎች ሥዕል ምርጫቸውን ነበር፤ እውነቱ ግን በዕጣ ነው የመደባቸው። ልጆቹ የቡድን ጓደኞቻቸው እነማን እንደሆኑ አያውቁም፤ ከሚያከፋፍሉት ገንዘብም ለራሳቸው ምንም አያገኙም። እንዲያም ሆኖ ለ«ራሳቸው» ቡድን አደሉ። ይባስ ብሎ፣ ብዙዎቹ ሁለቱም ቡድን ብዙ ከሚያገኝበት ክፍፍል ይልቅ የራሳቸው ቡድን አነስ ያለ አግኝቶ ሌላውን የሚበልጥበትን መረጡ። ይህችን ውጤት ያዟት፤ ወደ ኋላ ትፈለጋለች።

በዕጣ የተመደበ ቡድን ይህን ካደረገ፣ በተረት፣ በቋንቋ፣ በእንጀራና በሐዘን ቤት የተሳሰረ ሕዝብ ምን ያድርግ? ማለዳ ማለዳ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰልፋችሁ በአንድ ድምፅ የምትዘምሩትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት እግራቸውን እኩል እያነሱ አብረው የተራመዱ ሰዎች ዝም ብለው አብረው ከሄዱት ይልቅ በኋላ ይበልጥ ሲተባበሩ አሳይቷል። ልብ በሉ፣ የእግር ምት የሚያስተሳስረው ለመልካምም ለክፉም ነው።

አሁንም ግን አባ ሳሙኤል ይቀረናል። እሱም የአገር ግድብ ነው፤ ለምን አልዘፈንለትም? እንደኔ እንደኔ፣ የሚጎድለው ታሪክ ነው። ዓባይ ገና ሳይገደብ ተረት ነበረው፤ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው አባባል ቁጭትን ለትውልድ ሲያቀብል ኖሯል። ግድቡ የአንድ ረጅም ታሪክ መገልበጫ ሆኖ መጣ። አቃቂ ላይ ቁጭት አልነበረም።

ለዚህ ከግድቡ የተሻለ ምሳሌ አበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። ክብረ ወሰን ነበር። ግን ክብረ ወሰን ብቻ ቢሆን ኖሮ ተሰብሯልና ረስተነው ነበር። ያልረሳነው የሮጠባት ከተማ ሮም ስለሆነች ነው፤ የሩጫው መንገድ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ነቅለው የወሰዱትን የአክሱም ሐውልት ስለሚያልፍ ነው። ሐውልቱ ወደ አክሱም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም.፣ ዳግም የቆመው በ2000 ዓ.ም. ነው። ሰውየው እዚያው ሐውልት አጠገብ ሲያልፍ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው እንኳን ይህን ያውቃል።

ታሪክ ግን ለሁሉም እኩል አይሰማም። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ አዲሱ ገበያም ቢሆን፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ይኖራል፤ ስለ አንድ ንጉሥ አንዱ የሰማው ጀግንነት፣ ሌላው የሰማው በደል ሊሆን ይችላል። በቅርቡ ጦርነት ወንድሟን ያጣች ልጅ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ስትቆም የሚሰማት ከእናንተ የተለየ ቢሆን ልባችሁ አይደነቅ። ጉባ አካባቢም የግድቡ ሐይቅ ከመኖሪያቸው ያስነሳቸው ሰዎች በሺዎች ይቆጠራሉ፤ እነሱ ስለ ግድቡ የሚያወሩት እኛ ከምናወራው ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። ደግሞ ፍቅርና ኩራት ይለያያሉ። ኩራት የተሠራ ነገር ይፈልጋል፤ ፍቅር አይፈልግም። የታመመች እናቱን የሚያስታምም ሰው ያን ዕለት የሚኮራበት ነገር ላይኖረው ይችላል፣ ፍቅሩ ግን እዚያው ነው።

የሥነ ልቦና ምሁራን የአገር ፍቅርን በሁለት ይከፍሉታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሻትስ፣ ስታውብ እና ላቪን የተባሉ ተመራማሪዎች አንዱን ጭፍን፣ ሌላውን ገንቢ አሉት። ጭፍኑ አገሩ ስትተች ይቆጣል፤ ገንቢው አገሩን ስለሚወድ ራሱ ይተቻል። የሚገርመው ገንቢዎቹ ስለ አገራቸው ጉዳይ ይበልጥ የሚከታተሉና መረጃ የሚፈልጉ ሆነው መገኘታቸው ነው። ለኔ ለመሐንዲሱ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አንድን ትልቅ ግድብ ከልቡ የሚወድ ሰው ማን ነው? ውስጡ በተቀበሩት መሣሪያዎች የሚሰርገውን ውሃ፣ የግድግዳውን ንቅናቄ፣ የኮንክሪቱን ሙቀት በየጊዜው የሚለካው ነው። ግድቡ ይሰርጋል ብሎ ማሰብ ስድብ አይደለም፤ ሁሉም ግድብ ትንሽ ይሰርጋል፣ ቁም ነገሩ ስንት ነው የሚለው ነው። «የኛ ግድብ አይሰርግም!» ብሎ መለኪያውን የሚነቅል ባለሙያ አገሩን ይወዳል ትሉታላችሁ?

የታጅፌልን ልጆችም እዚህ አምጧቸው። ሁላችንም ብናገኝ ከሚሻለን ይልቅ ሌላው ቢጎድልበት የሚያስደስተን ከሆነ፣ የያዘን ነገር ስሙ የአገር ፍቅር አይመስለኝም።

እናንተ ራሳችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ትንሽ ጥናት አለ። በሚቀጥለው ትልቅ ውድድር ሰው ተሰብስቦ በሚያይበት ቦታ ቁጭ በሉ፤ ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ ወገን «አሸነፍን፣ ገባን፣ ቀደምን» የተባለውን፣ በሌላው «ተሸነፉ፣ ደከሙ፣ አልቻሉም» የተባለውን በጭረት ቁጠሩ። የናንተንም አፍ ጨምራችሁ ነው ታዲያ።