ያውቁ ኖሯል? የእምነታችን መጻሕፍት በማን እጅ አልፈው መጡ?

ስለ ሥላሴ፣ ስለ ሥጋዌ፣ ስለ ጸሎትና ስለ ንስሐ የምናስበው ሁሉ አንድ ቦታ የተጻፈ ነው። ሰባኪው ከአንዱ መጽሐፍ አንብቦታል፤ የመጽሐፉ ደራሲም ከሌላው ወስዶታል። መጻሕፍቱን እንወዳቸዋለን፤ የመጡበትን መንገድ ግን እምብዛም አንጠይቅም። መንገዱ ራሱ ብዙ ያስተምራልና ጥቂቱን እነሆ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? ዛሬ የምናውቃቸውን 27 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሳይጨምር ሳይቀንስ ዘርዝሮ የተገኘው የመጀመሪያው ጽሑፍ የትልቅ ጉባኤ ውሳኔ አይደለም። በ367 የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ ለምእመናኑ የፋሲካን ቀን ለማሳወቅ የላከው መልእክት ነው።

ይኸው አትናቴዎስ ነው ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ የምንለውን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን። የአትናቴዎስ ተቃዋሚ የነበረው የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ በዚህ ተቆጥቶ ለአክሱም ገዥዎች ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤው ዛሬ ድረስ ሊነበብ የቻለው አትናቴዎስ ራሱ ለንጉሡ በጻፈው የመከላከያ መጽሐፍ ውስጥ ስላስገባው ነው። ከሳሹ የጻፈውን ተከሳሹ አቆየልን።

ያውቁ ኖሯል? አትናቴዎስ የጻፈው የአባ እንጦንስ ገድል ባይኖር ኖሮ የአውግስጢኖስ ታሪክ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። በ386 አውግስጢኖስ ሚላኖ ውስጥ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ፣ ልቡ ወዲያና ወዲህ እያለ ሲኖር፣ ጰንጢቅያኖስ የሚባል የአገሩ የአፍሪካ ሰው ሊጠይቀው መጣ። በጨዋታ መካከል እንግዳው አንድ ነገር አነሣ፦ ሁለት የቤተ መንግሥት ሹማምንት ትሪር በምትባል ከተማ ዳር ሲንሸራሸሩ ከአንዲት ጎጆ ገቡ፤ የእንጦንስን ገድል አግኝተው አነበቡ፤ በዚያው ሹመታቸውን ትተው መነኑ። አውግስጢኖስ ስለ እንጦንስ እስከዚያ ቀን ሰምቶ አያውቅም ነበር። እንግዳው እንደ ሄደ ወደ አትክልቱ ቦታ ወጣ፤ ያ የታወቀው ልቅሶና መመለስ የመጣው ያን ዕለት ነው። በተከታዩ ዓመት በፋሲካ ተጠመቀ፤ ኋላም «ኑዛዜ» የተባለውን መጽሐፉን ጻፈ። የምዕራቡ ክርስትና፣ ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም፣ ስለ ጸጋ የሚያስበው አብዛኛው ከዚህ ሰው ብዕር የወጣ ነው። የዚያው የእንጦንስ ገድል ደግሞ ገና በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ ተመልሶ የእኛንም ገዳማት አስተምሯል።

ያውቁ ኖሯል? መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሳይጎድሉ ሙሉ ሆነው የተገኙት በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ የሄኖክን ቅጂዎች በ1773 ወደ አውሮፓ ይዞ ሲመለስ የዚያ አገር ሊቃውንት መጽሐፉ ጠፍቷል ብለው ተስፋ ከቆረጡ ቆይተው ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን ቁርጥራጮቹ በአራማይክ ከቁምራን ዋሻ ወጡ።

ያውቁ ኖሯል? በአብነት ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ አራት ጉባኤያት አሉት፤ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። ሊቃውንት በሚባለው ጉባኤ ከሚነበቡት አንዱ «ቄርሎስ» ነው። በእስክንድርያው ቄርሎስ ስም ይጠራ እንጂ የብዙ አባቶች ድርሳናት ስብስብ ሲሆን፣ በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከጽርእ ተተርጉሟል። «ሃይማኖተ አበው» ግን ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ነው፤ በ11ኛው መቶ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ተሰብስቦ በ16ኛው ወደ ግእዝ ተመለሰ።

የዮሐንስ አፈወርቅ የዕብራውያን ትርጓሜ ደግሞ እርሱ በእጁ የጻፈው አይደለም። ሲሰብክ ፈጣን ጸሐፍት በአጭር ምልክት ይይዙት ነበር፤ 34ቱ ስብከቶች ካረፈ በኋላ ከዚያ ማስታወሻ ላይ ተገልብጠው ነው መጽሐፍ የሆኑት። ስናነበው አልፎ አልፎ ንግግሩን ቆርጦ ወደ ሌላ ሲገባ፣ ሕዝቡን ሲገሥጽ የምናገኘው ለዚህ ነው። ከመድረክ የተሰማ ድምፅ ነው።

የአገራችን ብዕርስ? አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ «መጽሐፈ ምስጢር»ን የፈጸመው በ1424 ነው። መናፍቃንን አንድ በአንድ እየጠራ የሚመልስ ከባድ የነገረ መለኮት ሥራ ሲሆን፣ በበዓላት ቀን ለሕዝብ እንዲነበብ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ከጉተንበርግ ማተሚያ በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ስለ አርዮስና ስለ ሰባልዮስ ይህን ያህል አስፍቶ ጽፎ ሳለ፣ ዛሬ የነገረ መለኮት ተማሪዎቻችን የጀርመኖችን ስም ቀድመው ማጥናታቸው ያሳዝነኛል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያስደንቀኝ ልምጣ።

ያውቁ ኖሯል? መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ሦስቱ፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ሥራቸው ሲመረመር ሦስቱም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ያ ቤት በፋርስ ግዛት የነበረችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ተቃዋሚዎቿ «ንስጥሮሳዊት» የሚሏት።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። መምህሩ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ተማሪ የግእዙን ንባብ ያሰማል፤ እሳቸው «አንድም» እያሉ ያወርዱታል፤ ሌሎቹ ጆሯቸውን ጥለው ይሰማሉ፣ ኋላ በቃላቸው ይቀጽሉታል። በሊቃውንት ጉባኤ ንስጥሮስ በቄርሎስ ቃል ሲረታ ይሰማሉ። ወደ መነኮሳት ጉባኤ ሲሻገሩ ደግሞ ስለ እንባ፣ ስለ ዝምታና ስለ ፍቅር የሚያስተምሯቸው በዚያች በምሥራቋ ቤተ ክርስቲያን የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ማር ይስሐቅ የ7ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው። የተወለደው ቤት ቀጥራየ በሚባለው አገር፣ ዛሬ ኳታርና አካባቢዋ በሆነው የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ነው። ዶሃ ውስጥ ከሥራ መልስ የጸሎት መጽሐፏን የምትገልጥ ኢትዮጵያዊት እኅታችን፣ ገዳማታችንን ጸሎት ያስተማረው አባት በተወለደበት ምድር ላይ ተቀምጣለች። ይስሐቅ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ አምስት ወር ብቻ ቆይቶ መንበሩን ተወና ወደ ተራራ ሄደ። በኋላ ረባን ሻቡር በሚባል ገዳም ተቀመጠ፤ ከንባብና ከተጋድሎ ብዛት ዐይኑ እንደ ጠፋ ከጥንት የተጻፈ ታሪኩ ይናገራል።

የፊልክስዩስ ነገር ደግሞ ይበልጥ የተሸፈነ ነው። መጽሐፉ በፊልክስዩስ ዘመንቡግ፣ ማለትም እንደ እኛው የኬልቄዶንን ጉባኤ በተቃወመው ሊቅ ስም ይጠራል። ሊቃውንት ከሱርስቱ ጋር ሲያስተያዩት ግን መሠረቱ ዳዲሾዕ የተባለ መነኩሴ የጻፈው የአበው ነገር ትርጓሜ ሆኖ ተገኘ። ዳዲሾዕም የይስሐቅ አገር ሰው፣ የቤት ቀጥራየ ልጅ ነው።

ሦስተኛው፣ አረጋዊ መንፈሳዊ፣ በ8ኛው መቶ ዘመን በዛሬዋ ኢራቅ ሰሜን ተራሮች የኖረው ዮሐንስ ዘዳልያታ ነው። እርሱን የራሱ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጢሞቴዎስ በ786 ገደማ በጉባኤ አውግዞት ነበር። እዚያ የተወገዘው መጽሐፍ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ ተሻግሮ በጣናና በሰሜን ገዳማት የመነኮሳት መማሪያ ሆነ።

ይህ ለአባቶቻችን ነቀፋ አይደለም፤ በእኔ እምነት ትልቅ ክብራቸው ነው። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የማያወላውሉ ሰዎች ነበሩ፤ በዚያ ላይ አንዲት ቃል አልለቀቁም። ጸሎት የሚያውቅ ሰው ድምፅ ሲሰሙ ግን ለዩት፣ ጠበቁት፣ ተረጎሙት። ዛሬ መጽሐፍ ከመግለጣችን በፊት «የማን ነው?» ብለን ሽፋኑን አይተን የምንመልስ ብዙዎች ነን።

ለማር ይስሐቅ ብቻ ጥቂት ልጨምር። በፍልስጥኤም የማር ሳባ ገዳም መነኮሳት ወደ ጽርእ መለሱት። ሩሲያ ደርሶ ዶስቶየቭስኪ በ«ካራማዞቭ ወንድማማቾች» ልቦለዱ ውስጥ አሽከሩ ግሪጎሪ ሳይገባው ለዓመታት ሲያነበው አሳየን። በ1983 ሰባስትያን ብሮክ የተባሉት የሱርስት ሊቅ ጠፍቷል ሲባል የነበረውን የይስሐቅን ሁለተኛ ክፍል ኦክስፎርድ በሚገኘው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት አገኙት። በ2024 ደግሞ ፖፕ ፍራንሲስ ስሙ በሮም ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን መዝገብ እንዲገባ ማድረጋቸውን አስታወቁ።

ያውቁ ኖሯል? ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አማርኛ የተተረጎመው ካይሮ ውስጥ ነው። ተርጓሚው አባ አብርሃም፣ በውጭ ሰዎች ዘንድ አቡ ሩሚ የሚባሉት፣ እስከ ሕንድ ድረስ የተጓዙ አረጋዊ ነበሩ። የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም የነበረው አስላን ዴ ሸርቪል ካይሮ ላይ አገኛቸው። ለ10 ዓመት ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለእንግዳ ሁሉ ዘግቶ ከሳቸው ጋር ዐረብኛውን ቁጥር በቁጥር ያነብ ነበር፤ ቃሉ ሲከብዳቸው ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱና ከጽርኡ ያመሳክሩ ነበር። ሥራው 9,539 ገጽ ሆነ። አባ አብርሃም በወረርሽኝ አረፉ፤ የእጅ ጽሑፉን በ1820 የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ። ከዚያ በኋላ የወንጌላውያኑ ስብከት የቆመው በአብዛኛው በኚህ ኦርቶዶክሳዊ ሽማግሌ ድካም ላይ ነው።

ከምዕራቡ ዓለም ጥቂት፣ በፍጥነት፦

ጆን ካልቪን ዋና መጽሐፉን በ1536 ሲያሳትም 26 ዓመቱ ነበር፤ መጽሐፉም ስድስት ምዕራፍ ብቻ። ሲያሻሽለው ኖሮ በ1559 ሰማንያ ምዕራፍ አደረሰው።

የቶማስ አኲናስ ታላቁ የነገረ መለኮት መድበል ሳይፈጸም የቀረ ነው። በታኅሣሥ 1273 ከቅዳሴ በኋላ ብዕሩን አስቀመጠ፤ እንዲቀጥል ቢለምኑትም እንቢ አለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፈ። ካርል ባርትም ከ30 ዓመት በላይ የደከመበትን «የቤተ ክርስቲያን ዶግማ» ሳይጨርስ ነው ያለፈው።

ጆን ዌስሊ ግንቦት 24 ቀን 1738 ምሽት ለንደን ውስጥ በአንድ ስብሰባ ተቀምጦ ልቡ እንግዳ በሆነ ሙቀት የተነካው ስብከት ሲሰማ አይደለም። ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መቅድም ሲነበብ ነው። የሜቶዲስት ንቅናቄ ያን ምሽት አይረሳም።

ጆን በንያን ያለ ፈቃድ ሰብከሃል ተብሎ 12 ዓመት ታሰረ። በ1678 ያወጣው የክርስቲያኑ መንገደኛ ታሪክ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ወደ አማርኛ ተመለሰ።

ዲትሪሽ ቦንሆፈር ስለ ደቀ መዝሙርነት የጻፈው መጽሐፍ በ1937 ሲወጣ፣ ያስተምርበት የነበረውን የፊንከንቫልደ ትምህርት ቤት የናዚ ፖሊስ በዚያው ዓመት ዘጋው። ጸጋን አርክሶ መቸርቸርን የሚቃወመው ያ ትምህርት ለሕያዋን ተማሪዎች የተሰጠ ነበር፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በጦርነቱ አለቁ። ቦንሆፈር ራሱ ሚያዝያ 9 ቀን 1945 በፍሎሰንቡርግ በስቅላት ተገደለ።

ያውቁ ኖሯል? ብዙዎች «የመጀመሪያ የእምነት መጽሐፌ» የሚሉት የሲ ኤስ ሉዊስ ሥራ በመጀመሪያ መጽሐፍ አልነበረም። በጦርነቱ ዘመን፣ ከ1941 ጀምሮ፣ ከቢቢሲ ሬዲዮ የተላለፈ ንግግር ነው። እርሱው ሉዊስ በ1944 ለሌላ ሰው መጽሐፍ መቅድም ጻፈ። አንዲት መነኩሲት ስሟን ሳታስጽፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው የአትናቴዎስ ድርሳን ነበር፤ ቃል ሥጋ ስለ መሆኑ የተጻፈው። በመቅድሙ ሉዊስ አንባቢውን አንድ ነገር ይመክራል፦ አንድ አዲስ መጽሐፍ ካነበብህ፣ አንድ የጥንት ሳታነብ ሌላ አዲስ አትጀምር፤ ይህ ቢከብድህ እንኳ ከሦስት አዲስ በኋላ አንድ የጥንት አንብብ።

እኔም የምለምንዎ ይህንኑ ነው። በዚህ ዓመት ስለ በረከት፣ ስለ ስኬት ወይም ስለ ትዳር አንድ አዲስ መንፈሳዊ መጽሐፍ ከገዙ፣ ከጎኑ አንድ የጥንት ይያዙ። ኦርቶዶክስ ከሆኑ ማር ይስሐቅ ከነትርጓሜው በአማርኛ ታትሟል፤ በየአድባራቱ መጻሕፍት መሸጫ ይጠይቁ፣ ከከበደዎም መምህር ይዘው ያንብቡ። ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ ከሆኑም ያው ማር ይስሐቅ የእርስዎም ነው፤ ከአትናቴዎስ ቢጀምሩ ደግሞ መጽሐፉ አጭር ነው፣ በአንድ ሳምንት ያልቃል።