እናታችሁን ከቅጹ ላይ አትደብቁ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ በአይቲ ሙያ የተሰማሩ ልጆቻችን ስለ ክሊራንስ (ምስጢራዊ የመንግሥት መረጃ ለማየት ስለሚሰጥ ፈቃድ) በውስጥ መስመር ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ እዚሁ ልጻፈው።

ክሊራንስ በግል አመልክቶ የሚወጣ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል፤ «ሥራዬ ይህን ሰው ይፈልጋል» ብሎ የሚያቀርባችሁ መሥሪያ ቤት ወይም ኮንትራክተርም የግድ ነው። በክፍያ እናወጣላችኋለን የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኮንፊደንሻል፣ ሲክሬት፣ ቶፕ ሲክሬት። የሚለያቸው መረጃው ቢወጣ በአገር ደኅንነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ክብደት ነው። ኤስሲአይ አራተኛ ደረጃ አይደለም፤ በስለላ ምንጮችና ዘዴዎች የተገኘ መረጃ ለብቻው የሚታጠርበት አሠራር ነው።

ቶፕ ሲክሬት ያለው ሰውም ሁሉን አያይም። የሚፈቀድለት ለሥራው የሚያስፈልገው ብቻ ነው። የማሳቹሴትስ አየር ብሔራዊ ዘብ ባልደረባ የነበረው ጃክ ቴሼራ ቶፕ ሲክሬት ነበረው። ሥራው ግን የኮምፒውተር ኔትወርክ ነበር። የማይመለከቱትን ሰነዶች እያወጣ ዲስኮርድ ላይ ለቀቀ፤ በ2024 የ15 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ወገኖቼን የሚያስጨንቀው ግን ለክሊራንስ የሚሞላው ኤስኤፍ 86 የተባለው ቅጽ ነው። ከመቶ ገጽ በላይ ነው። ውጭ አገር ያሉ እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም በስምና በልደት ቀን ይጠየቃሉ። አዲስ አበባ የገዛችሁት ኮንዶሚኒየም ይጠየቃል። ዜጋ ላልሆነ ሰው ገንዘብ ትረዱ እንደሆነም እንዲሁ፤ በየወሩ ለእናታችሁ የምትልኩት እዚያ ይገባል።

«አትጻፈው፣ ያስጥልሃል» የሚለው ምክር በጣም ያናድደኛል፤ የልጆችን ዕድል የሚያበላሸው እሱ ነው። እናትን መጦር ወንጀል አይደለም፤ ውሳኔ ሰጪዎቹ የሰውየውን አጠቃላይ ሁኔታ ነው የሚመዝኑት። አውቆ መዋሸት ግን እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። እንዲያውም ብዙዎችን የሚያስከለክላቸው ከዘመድ ይልቅ ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ከማመልከታችሁ በፊት የክሬዲት ሪፖርታችሁን አውጥታችሁ እዩ።

ስለ ልደት ቀን ደግሞ፦ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትቀይሩ ቀድሞ በኢሚግሬሽን ፋይላችሁ ላይ ከሞላችሁት ጋር አስተያዩት። የአባታችሁ ልደት በትክክል የማይታወቅ ከሆነ ከጎኑ «ግምት» የሚል ሳጥን አለ፤ እሱን ምልክት አድርጉበት።