በረዶ በሌለበት ከተማ ትልቅ ውሻ ማሳደግ

ልጆችዎ በስልክ አሳይተውዎት ይሆናል፤ ግዙፍ፣ ጥጥ የመሰለ ውሻ በበረዶ ክምር ላይ ሲንከባለል፣ ጓደኞቹን ሲያሯሩጥ፣ አፍንጫው ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ይታወቃል፦ «እኛስ ለምን አይኖረንም?» በማርኬቲንግ ሙያ እንደምሠራ ሰው አንድ ነገር ልበልዎ፤ ጥሩ ምስል ደስታውን ያሳያል፣ የአዳማን ሙቀት ግን አያሳይም።

ጸጉሩ ለሌላ አገር የተሠራ ነው

ሃስኪ ከሳይቤሪያ፣ ሴንት በርናርድ ከአልፕስ ተራሮች የመጡ ዝርያዎች ናቸው። ጸጉራቸው ድርብ ሲሆን ከሥር ያለው ለስላሳው ሽፋን ከብርድ ይከላከልላቸዋል። ውሻ ደግሞ እንደ እኛ በመላ ሰውነቱ አያልብም፤ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ትልቅና ጸጉራም ውሻ ይቸገራል። አዳማ፣ መተሐራ ወይም ባቱ የሚኖሩ ከሆነ፣ ጸጉሩ አጭር የሆነና እዚሁ ተወልዶ ያደገ ቡችላ ቢመርጡ ለእሱም ለእርስዎም ይቀልላል።

ጸጉራሙ ውሻ ቀድሞ ቤትዎ ገብቶ ከሆነስ? ድርብ ጸጉሩን አያስላጩት፤ በየጊዜው ያበጥሩለት። ሽርሽሩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይሁን። ከመውጣትዎ በፊት የእጅዎን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ያሳርፉ፤ 7 ሰከንድ መታገሥ ካቃተዎት የውሻውም መዳፍ ይቃጠላል። ከመጠን በላይ ካለከለከ፣ ለሀጩ ከበዛ ወይም ከተንገዳገደ ወደ ጥላ ይውሰዱት፣ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ ያራግቡለት፣ ወዲያውም ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ። የውሻ ጤናማ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

የአዳማ በረዶ

በረዶውን ግን ፍሪጅዎ ውስጥ ሊሠሩለት ይችላሉ። በፕላስቲክ ሳህን ውኃ ይሙሉ፣ ጥቂት የተቀቀለ ሥጋ ይጨምሩና ያስደርቁት። ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ሲያስቀምጡለት እየላሰ፣ በመዳፉ እየገፋ ረጅም ጊዜ ይጫወታል። የተረፈ ወጥ ግን አይስጡት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። የበሰለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀቱን ሊወጋ ይችላል።

ጓደኛ ያስፈልገዋል

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ የሚጮኸው ከፍርሃትና ከመሰልቸትም ጭምር ነው። ቡችላው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሰዎች፣ ከልጆችና ከተከተቡ ጭምት ውሾች ጋር ይተዋወቅ። የፊት እግሮቹን መሬት አስነክቶ መቀመጫውን ወደ ላይ ካነሣ «እንጫወት» ማለቱ ነው። ልጆችዎ ደግሞ ውሻ ሲበላ ወይም ሲተኛ እንዳይነኩት ያስተምሯቸው።

ክትባቱ ለምርጫ አይቀርብም

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በበሽታው ተጠርጥረው ከሚነከሱ ሰዎች ከ100 ወደ 40 የሚጠጉት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅዎ ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ውሻውንም በሐኪሙ ቀጠሮ መሠረት ያስከትቡ።

ይህ ከግቢዎ አጥር ያለፈ ጉዳይ ነው። የአገራችን እውነተኛ የብርድ ውሻ በባሌ ተራሮች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው የሳኔቲ አምባ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ነው። ሌሊት ውርጭ ላይ ተጠቅልሎ ያድራል፤ ሲነጋ ከመንጋው ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ክልሉን ይቃኛል። በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከቤት ውሾች የተሻገረው ይኸው በሽታ በባሌ ብዙዎቹን ጨርሷል።

ቡችላ ከመግዛትዎ በፊት ቤተሰቡን ሰብስበው ይነጋገሩ፤ ማን ያበላዋል? ማን ያንሸራሽረዋል? የምግቡና የሐኪሙ ወጪ ከየትኛው በጀት ይወጣል? ትልቅ ውሻ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ዓመት ይኖራል። ዛሬ የ7 ዓመት ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ውሻው ገና በር ላይ ሊጠብቀው ይችላል። መልሱ ከተገኘ ቡችላው ይምጣ፤ ፍሪጁ ውስጥም ለበረዶው ሳህን ቦታ ያዘጋጁ።