ሕፃን ጠባቂ ከአዲስ ወላጅ ቀብድ መቀበል ይገባታልን?

በአዲስ አበባ ከተማ በየሰፈሩ በገዛ ቤታቸው የሰው ልጅ ተቀብለው የሚጠብቁ ሴቶች አሉ። ጧት እናቲቱ ወደ ሥራ ስትሄድ ሕፃኑን ከነጡጦውና ከነቅያሪ ልብሱ ታስረክባለች፤ ማታ ስትመለስ ትረከባለች። እነዚህ ሴቶች ሰሌዳ ሰቅለው እንደሚሠሩት የሕፃናት ማቆያ ድርጅቶች አይደሉም፤ በአሠሪዋ ቤት እየኖረች ልጅ እንደምትይዝ ሞግዚትም አይደሉም። ደመወዝ የሚቈርጥላቸው መሥሪያ ቤት የለም፤ የሚተዳደሩት እያንዳንዱ ወላጅ በየወሩ በሚከፍላቸው ገንዘብ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ እነዚህ ሴቶች አዲስ ወላጅ ሲመጣባቸው ሕፃኑ ገና ሳይገባ ገንዘብ መቀበል ይገባቸው እንደ ሆነና እንዳልሆነ፣ ቢቀበሉም በምን ስምና በምን ልክ መሆን እንዳለበት ለመመርመር ነው። ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ጥቃቅን መስሎ ሊታየው ይችላል። ሆኖም በአንድ በኩል የሠራተኛዋ እናት እንጀራ፣ በሌላው በኩል የጠባቂዋ የወር ገቢ የሚንጠለጠልበት ጉዳይ ስለ ሆነ ጊዜ ወስዶ ማሰብ የሚገባ ነው።

በቅርብ የማውቃቸው ሁለት ነገሮች

ትምህርቴን የምከታተለው ከአክስቴ ቤት እየተመላለስሁ ነው። አክስቴ አራት ሕፃናት ትጠብቃለች። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት መጥታ «እትዬ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ልጄን ይይዙልኛል ወይ?» ስትል ለመነቻት። አክስቴም «እሺ ልጄ፣ ብቻ በሰላም ይገላግልሽ» አለቻት እንጂ ገንዘብ የሚባል ነገር አላነሣችም። በመስከረም ከአራቱ ሕፃናት አንዱ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ቦታው ተለቀቀ። በዚያው ሳምንት ሁለት ወላጆች መጥተው ቢጠይቋት «ቦታው ተይዟል» ብላ መለሰቻቸው። ጥቅምት ገባ፤ ሴትየዋ ግን አልመጣችም። ኋላ ሲጠየቅ እናቷ ከአገር ቤት መጥተው የልጅ ልጃቸውን እሳቸው ሊያሳድጉ ተስማምተው ኖሯል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የአክስቴ አንድ ቦታ ግን እስከ ኅዳር መጨረሻ ባዶውን ከረመ።

ሁለተኛው ነገር የደረሰው በአንዲት ጎረቤታችን ላይ ነው። ይህች እናት የወሊድ ፈቃዷ ሳያልቅ በሌላ ሰፈር ከምትኖር ጠባቂ ዘንድ ሄዳ የሁለት ወር ክፍያ አስቀድማ ሰጠች። ደረሰኝ አልተቀበለችም፤ የተጻፈም ነገር አልነበረም። ወደ ሥራ በምትመለስበት ሳምንት ሕፃኑን አዝላ ብትሄድ ቦታው ለሌላ ተሰጥቶ አገኘችው። ጠባቂዋም ገንዘቡን ቈጥራ መለሰችና በይቅርታ አሰናበተቻት። ገንዘቧ ሳይጐድል ስለ ተመለሰላት እናቲቱ የተጐዳች አትመስልም፤ ነገር ግን ሌላ ጠባቂ እስክታገኝ ድረስ ሦስት ሳምንት ያለ ደመወዝ ከሥራ መቅረት ግድ ሆነባት።

በመጀመሪያው ነገር ገንዘብ አለመቀበል ጠባቂዋን ጐዳ፤ በሁለተኛው ደግሞ ገንዘብ መክፈል እናቲቱን አላዳናትም። ስለዚህ ጥያቄው «ይከፈል ወይስ አይከፈል?» የሚለው ብቻ አይደለም። ዋናው ጥያቄ የተከፈለው ገንዘብ ማንን ያስራል የሚለው ነው።

ቦታ አስቀድሞ የሚያዝበት ምክንያት

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ እናት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። ከእርሱ በፊት በነበረው የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ነበር። ፈቃዱ ይርዘም እንጂ የሚያልቅበት ቀን የተቈረጠ ነው፤ በዚያ ቀን እናቲቱ በሥራዋ ላይ መገኘት አለባት። ጧት በር በር እያንኳኳች ጠባቂ ልትፈልግ አትችልም። ስለዚህ ፍለጋውን ከወራት በፊት፣ አንዳንዴም ሳትወልድ ትጀምራለች።

በጠባቂዋ ቤት ግን ቦታ የሚለቀቀው እናቲቱ በምትፈልገው ቀን አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚለቀቀው ትልልቆቹ ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት በሚገቡበት በመስከረም ነው። ቦታው በተለቀቀበትና አዲሱ ሕፃን በሚገባበት ቀን መካከል ያለው ጊዜ ገቢ የለውም። ለምሳሌ ያህል አንዲት ጠባቂ ለአንድ ሕፃን በወር 3,000 ብር ትቀበላለች እንበል። አራት ሕፃናት ቢኖሯት የወር ገቢዋ 12,000 ብር ነው። አንዱ ቦታ ለስድስት ሳምንት ያህል ባዶ ቢቀመጥ ወደ 4,500 ብር ገደማ ይቀርባታል። የቤት ኪራዩ፣ የከሰሉና የረዳቲቱ ደመወዝ ግን አይቀንስላትም። ይህን ጉዳት ከሁለቱ አንዳቸው መሸከማቸው የማይቀር ነው። ምንም ካልተነጋገሩ የምትሸከመው ጠባቂዋ ናት።

አንድ ገንዘብ፣ አራት ስም

ሰዎች ሁሉንም በአንድነት «ቅድሚያ» ይሉታል እንጂ አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ አራት ዐይነት ነው።

የመጀመሪያው መመዝገቢያ ነው። ይህ ስም ለመጻፍ ተብሎ የሚከፈልና የማይመለስ ገንዘብ ነው። መዝገብ ያዥና ጽሕፈት ቤት ላለው ድርጅት ይስማማ ይሆናል፤ በቤቷ አራት ሕፃናት የምትጠብቅ ሴት ግን ምን እንደምትመዘግብበት ለማስረዳት ይቸግራታል።

ሁለተኛው የወር ክፍያን ወሩ ሲገባ መቀበል ነው። ይህ ለተሠራ ሥራ ሳይሆን ለሚሠራ ሥራ የሚሰጥ ዋጋ ነው። ሥራው ካልተሠራ መመለሱ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው መያዣ ነው። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዓመቱ መጀመሪያ የመጽሐፍ መያዣ እንከፍል ነበር። መጽሐፉን ሳንቀድ ስንመልስ ገንዘቡም ይመለስልን ነበር። በሕፃን ጥበቃም አንዳንድ ጠባቂዎች ወላጁ የመጨረሻውን ወር ሳይከፍል እንዳይሄድ መያዣ ያስቀምጣሉ። መያዣ የሚቈየው እስከ መለያየት ድረስ ነው።

አራተኛው ቀብድ ነው። ቀብድ ውሉን ለማጽናት የሚሰጥ ገንዘብ ነው። ልብስ ሰፊ፣ ድንኳን አከራይና የጭነት መኪና ባለቤት ሁሉ ይቀበሉታል፤ ገበያተኛም ሁሉ ያውቀዋል። ከአራቱ ለያዝነው ጉዳይ የሚስማማው ይህ ነው፤ ምክንያቱንም ከዚህ ቀጥሎ እገልጻለሁ።

ሕጉ ስለ ቀብድ የሚለው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ከቍጥር 1883 እስከ 1885 ይናገራል። የአነጋገሩ ፍሬ እንዲህ ነው። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ውሉ በተፈጸመ ጊዜ ቀብድ ተቀባዩ ቀብዱን ይመልሳል ወይም ከሚከፈለው ሒሳብ ላይ ይቀንሳል። ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ሰው ውሉን ቢተው ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እነዚህ ደንቦች የሚሠሩት ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ ነው።

በዚህ ሚዛን ቀደም ብዬ ያነሣኋቸውን ሁለት ነገሮች እንመልከታቸው። አክስቴ 1,500 ብር ቀብድ ተቀብላ ቢሆን ኖሮ፣ ሴትየዋ አሳቧን በለወጠች ጊዜ ጉዳቱ በከፊል ይካስላት ነበር። ከዚያም በላይ ሴትየዋ ገንዘቧ እንዳይቀርባት ስትል መቅረቷን ቀደም አድርጋ ትነግራት ነበር ብዬ አስባለሁ። ጎረቤታችን ደግሞ የሰጠችው ገንዘብ ቀብድ ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የሁለት ወሩ ፈንታ የአራት ወር ክፍያ በተመለሰላት ነበር። የወር ክፍያ ነው ከተባለ ግን የእጥፉ ደንብ አይመለከተውም። ገንዘቡ ስም ስላልነበረው እናቲቱ የምትከራከርበትን አጣች። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንዲሉ፣ የገንዘቡን ስም ከመጀመሪያው መቍረጥ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የቀብድ ፍርድ ሁለት ወገን መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ወላጁን ብቻ የሚያስርና ጠባቂዋን የማያስር ገንዘብ፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ ቀብድ አይደለም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከይሉኝታ የሚመጣ ነው። «ከጎረቤት ልጅ ላይ ገና ሳልይዘው ገንዘብ ብጠይቅ ሰው ምን ይለኛል?» የሚሉ ጠባቂዎች አሉ። ነገር ግን ልብስ ሰፊው ቀብድ ሲጠይቅ አላመነኝም ብሎ የሚቀየም ሰው የለም። የሕፃን ጥበቃም ፍቅር የሚጠይቅ ሥራ ቢሆንም ሥራ መሆኑ አይቀርም። እንዲያውም ጎረቤታሞችን ይበልጥ የሚያቀያይመው ሳይነጋገሩ ቀርቶ ኋላ መካሰስ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበረታ ነው። ይኸውም አራስ ሴት ወጪዋ በሚበዛበትና እጇ በሚያጥርበት ወራት ገንዘብ ውለጂ ማለት ድኻይቱን ከበር መመለስ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። የሁለት ወይም የሦስት ወር ክፍያ በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ቦታ የሚያገኙት ገንዘብ ያላቸው ብቻ ይሆናሉ። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ረገድ ይህ ዐይነቱ ችግር ስለ ታየ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1320 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ከልክሏል። አዋጁ ስለ ሕፃን ጥበቃ አይናገርም፤ ሆኖም ልክ ማስፈለጉን ያስተምረናል።

ለዚህ ተቃውሞ መልሱ ቀብድን መተው ሳይሆን ማሳነስ ነው። ቀብድ የሚለካው ጠባቂዋ ሌላ ሕፃን እስክታገኝ በሚቀርባት ገቢ ነው። ሌላ ወላጅ በሁለት ሳምንት የሚገኝ ከሆነ የወሩ እኩሌታ ይበቃል። ይህ ልክ ጠባቂዋንም ይጠብቃታል። 6,000 ብር ተቀብላ ታማ ወይም ቤት ለቃ ውሉን ብትተው 12,000 ብር ልትጠየቅ ነው፤ 1,500 ብር የተቀበለች ግን የምትጠየቀው 3,000 ብር ነው። ብዙ ቀብድ መቀበል ብዙ ዕዳ መሸከም መሆኑን የሚያስተውሉ ጥቂቶች ናቸው። ይህንንም መክፈል ያልቻለች እናት በሁለት ጊዜ እንድትከፍል ወይም ዋስ እንድትጠራ ማድረግ ይቻላል። በእቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ እንደሚጠራ ሁሉ ይህም ለሕዝባችን እንግዳ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ድንገተኛ ነገር ነው። ሕፃኑ ቢታመም ወይም ቢሞት፣ እናቲቱም ከሥራ ብትሰናበት ቀብዱ ይቅር ማለት ጭካኔ ነው። ሕጉ ሌላ ስምምነት ማድረግን ስለሚፈቅድ፣ በእንደዚህ ያለ ጊዜ ቀብዱ እንዳለ እንዲመለስ አስቀድሞ መዋዋል ይቻላል፤ ይገባልም። ሐዘንተኛ እናት የምትለምነው ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ተጽፎ የሚገኝ መሆን አለበት።

በተግባር እንዴት ይደረግ?

ጠበቃ አያስፈልግም፤ ከደብተር የተቀደደ አንድ ወረቀት ይበቃል። ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤

«ከጥቅምት 1 ቀን ጀምሮ ሕፃኑን ለመጠበቅ 1,500 ብር ቀብድ ተቀብያለሁ። ቀብዱ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ላይ ይቀነሳል። ወላጅ ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ጠባቂ ብትተው እጥፉን ትመልሳለች። ሕመም፣ ሞት ወይም ከሥራ መሰናበት ቢያጋጥም ግን ቀብዱ እንዳለ ይመለሳል።»

በዚህ ላይ ቀኑና የሁለቱ ፊርማ፣ ቢቻል የሁለት እማኞች ስም ይጨመርበታል፤ ለየወገኑም አንድ አንድ ቅጂ ይሰጣል። ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢተላለፍ የሚመጣው መልእክት ራሱ ማስረጃ ስለሚሆን መጥፋት የለበትም። የጳጉሜን ቀኖች በወር ክፍያው ውስጥ የሚታሰቡ መሆናቸውና አለመሆናቸውም በዚያው ቢነሣ መልካም ነው፤ በየዓመቱ መጨረሻ የሚያከራክር ነገር ነውና። ደግሞም ጠባቂዋ ሕፃኑ እስኪገባ ድረስ ቀብዱን ሳትነካ ብታስቀምጠው ይሻላል፤ የምትመልስበት ቀን ሊመጣ ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፣ ሕፃን ጠባቂ ከአዲስ ወላጅ ቀብድ መቀበል ይገባታል። ነገር ግን ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ገንዘቡ ቀብድ መሆኑ በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ፤ ልኩ ባዶ ቦታ ከሚያስከትለው ጉዳት አይለፍ፤ ውሉም እናቲቱን እንደሚያስር ጠባቂዋን ይሰር። ከእነዚህ አንዱ ከጐደለ አለመቀበሉ ይሻላል።

አክስቴ ዘንድሮ ለመስከረም ቦታ የጠየቀቻትን እናት በዚህ ዐይነት ተዋውላታለች። ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። አክስቴ ገንዘቡን ስትቀበል አፍራ አቀርቅራ ነበር። እናቲቱ ግን እጥፍ ይመለሳል የሚለውን መስመር ሁለት ጊዜ አንብባ «እንግዲህ ቦታዬ በእርግጥ ተያዘልኝ ማለት ነው፤ አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል» አለች። ገንዘቡን የከፈለችው እርሷ ስትሆን የተደሰተችውም እርሷ መሆኗን ሳይ፣ ቀብድ በትክክል ከተያዘ ለሰጪውም የሚጠቅም መሆኑን ተረዳሁ።