ከስክሪን ወደ መዳፍ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ ለእረፍት ሲመጣ፣ ከሻንጣው ዕቃ ሁሉ አብልጦ የተጠነቀቀለት አንድ ጥቁር አልበም ነበር። እያንዳንዱ ገጽ ዘጠኝ የፕላስቲክ ኪስ አለው፤ በየኪሱ አንድ አንድ የፖኬሞን ካርድ ተቀምጧል። «አጎቴ፣ እጅህን ታጥበሃል?» ብሎ ካረጋገጠ በኋላ ነው የገለጠልኝ። አንዱን ካርድ ጠርዙን ብቻ በሁለት ጣቶቹ ይዞ ወደ መስኮቱ ሲያዘነብለው፣ ሥዕሉ እንደ ቀስተ ደመና አንጸባረቀ። ልጁ ፖኬሞንን በስልኩም በቴሌቪዥኑም ይጫወታል። ታዲያ ወረቀቱን ለምን ፈለገው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መሄድ ይጠይቃል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በቪዲዮ ጌም የምናውቀው ኒንቴንዶ ሲወለድ የመጫወቻ ካርታ መሥሪያ ቤት ነበር። ፉሳጂሮ ያማኡቺ የተባለ ጃፓናዊ ኪዮቶ ውስጥ ሃናፉዳ የሚባለውን የአበባ ካርታ እየሠራ መሸጥ የጀመረው በ1889 ነው፤ አፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዘውድ በጫኑበት በዚያው ዓመት። ስለዚህ ጌም ወደ ካርድ ሲገባ እንግዳ ቤት አልገባም።

የጌም ገጸ ባሕርያትን በካርድ አትመው ለልጆች መሸጥ የጀመሩት ግን አሜሪካውያን የማስቲካ ነጋዴዎች ናቸው። ፍሊየር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፓክማንን፣ ቶፕስ በ1982 ዶንኪ ኮንግን አወጡ። ብዙዎቹ የሞባይል ካርድ እንደምንፍቀው እየተፋቁ የሚጫወቱባቸው ነበሩ። ቶፕስ በ1989 የኒንቴንዶን ጌሞች ይዞ የመጣውም በዚሁ መንገድ ነው። ልጆቹ ፍቀው ስለጨረሷቸው ዛሬ ሳይፋቅ የተረፈውን ማግኘት ለሰብሳቢ ትልቅ ደስታ ነው። ያም ሆኖ እነዚህ ካርዶች የጌሙ ማስታወሻ ከመሆን አላለፉም።

ነገሩን የለወጠው ፖኬሞን ነው። ፈጣሪው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳት እያደነ የሚሰበስብ ሰው ነበር። በፌብሯሪ 1996 ጌም ቦይ ለተባለው የእጅ መጫወቻ ማሽን የወጣው፣ ፍጡራንን እየያዙ የሚሰበስቡበት ጨዋታው ቀይና አረንጓዴ ተብሎ በሁለት ቅጂ ተሸጠ፤ ቀዩ ውስጥ ያለው አንዳንዱ ፍጡር አረንጓዴው ውስጥ የለም። ሁሉንም ለመያዝ የሚፈልግ ልጅ ሁለቱን ማሽኖች በገመድ አገናኝቶ ከጓደኛው ጋር መለዋወጥ ግዴታው ነበር። እኔ እንደማየው የዚህ ሁሉ ታሪክ እምብርት እዚህ ላይ ነው፤ ጨዋታው ራሱ ያለ ሌላ ሰው አይሞላም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ክሪቸርስ የተባለው ድርጅት በፁኔካዙ ኢሺሃራ መሪነት የነደፈው የካርድ ጨዋታ ጃፓን ውስጥ ሲወጣ፣ ካርዱ የዚያን ገመድ ሥራ ተረከበ። በታሸገ ፓኬት ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቁ ገዝቶ፣ የደረሰውን ከሌላው ጋር የመለዋወጡ ዘዴ ደግሞ በካርድ ጨዋታ ዓለም ሪቻርድ ጋርፊልድ በፈጠረው ማጂክ በተባለ ጨዋታ አማካይነት ከ1993 ጀምሮ ተለምዶ ነበር። የማጂክ አሳታሚ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ፖኬሞንን በእንግሊዝኛ ያወጣው በጃንዋሪ 1999 ነው።

ሰብሳቢ ካርድ ሲያይ የሚያየው እኛ የምናየውን አይደለም። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ስብስብ 102 ካርድ አለው፤ ከግርጌው ቀኝ ጥግ 4/102 የሚል ካየህ ቻሪዛርድ ነው፤ እሳት የሚተፋው ባለ ክንፍ። ከቁጥሩ ጎን ያለችው ምልክት ክብ ከሆነች ካርዱ ተራ ነው፣ ዳይመንድ ከሆነች መካከለኛ፣ ኮከብ ከሆነች ብርቅ። በጃፓን የመጀመሪያው ኅትመት ምልክቷ ጭራሽ የለችም፤ ያ ጉድለት ዛሬ ዋጋ ያወጣል። ከሥዕሉ ግራ በኩል የመጀመሪያ ዕትም መሆኑን የምትመሰክር ትንሽ ማኅተም ትፈለጋለች፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ክፈፉ ጥላ አለው ወይስ የለውም ተብሎ ይመረመራል። እኔን በግሌ ደስ የሚለኝ ግን ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የሠዓሊው ስም ነው። ያን ቻሪዛርድ የሣለው ሚትሱሂሮ አሪታ ነው። ጌም የሚሠሩ ሠዓሊዎች ስማቸው በጨዋታው መጨረሻ በጥድፊያ ያልፋል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ሥራ ከነፈራሚው በልጅ ኪስ ውስጥ ይዞራል።

ቅሬታውም አብሮ ነው የመጣው። በ1999 ሳን ዲዬጎ ውስጥ ወላጆች ፓኬቱ ቁማር ነው ብለው ከሰሱ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ካርዱን ከግቢያቸው አገዱ። ክሱን እንደ ዋዛ አላየውም። ብርቁን ፍለጋ ፓኬት በፓኬት ላይ የሚቀድ ልጅ ሲታይ ወላጅ ቢፈራ አያስደንቅም።

ከዚያ ልጆቹ አደጉና ገንዘብ ያዙ። ካርድ እየመረመሩ ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ስመ ጥሩው ፒኤስኤ በ1991 የተቋቋመ ነው። ጠርዙን፣ ማዕዘኑን፣ ገጹን፣ የሥዕሉን መሃል ላይ መሆን ያያሉ፤ ከዚያም በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። በኮሮና ወቅት ሰው ቤቱ ሲዘጋበት የድሮ ካርቶኑን ፈተሸ፤ በ2021 መጀመሪያ ፒኤስኤ የተላከለትን መጨረስ አቅቶት አብዛኛውን አገልግሎቱን ለጊዜው አቆመ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ታርጌት የተባለው ሰንሰለት መደብር፣ ዊስኮንሲን ውስጥ በካርድ የተነሣ ጠብ ሽጉጥ እስከመምዘዝ ከደረሰ በኋላ ካርድ በመደርደሪያው መሸጥ ለጊዜው አቆመ።

በጁላይ 2021 ደግሞ ሎጋን ፖል የተባለው የዩቲዩብ ሰው ለአንድ ካርድ፣ በከፊል በጥሬ ገንዘብ በከፊል በሌላ ካርድ፣ 5,275,000 ዶላር የሚገመት ዋጋ ከፈለ። ካርዱ ፒካቹ ኢላስትሬተር ይባላል። በ1997 እና 1998 ኮሮኮሮ የተባለው የጃፓን የልጆች መጽሔት ላዘጋጀው የሥዕል ውድድር አሸናፊዎች የተሰጠ ሽልማት ሲሆን፣ የታደለው 39 ብቻ ነበር። የሣለችው ፒካቹ የተባለው የፖኬሞን ፍጡር ፈጣሪ አትሱኮ ኒሺዳ ናት፤ ፒካቹ ብዕርና ብሩሽ ይዞ ይታያል። ልጅ ሥዕል ስለ ሣለ የተሰጠው ሽልማት ዛሬ ማንም ጣት ሊነካው በማይችል ፕላስቲክ ውስጥ መኖሩ ያሳዝነኛል።

ገንዘብ ባለበት አስመሳይ አይጠፋም። የፖኬሞን ካርድ ከመውጣቱ በፊት ለሙከራ የታተሙ ናቸው የተባሉ ወረቀቶች፣ ተመርምረው ታሽገው ሳይቀር በውድ ዋጋ ሲሸጡ ቆዩ። በ2025 መጀመሪያ ሰብሳቢዎች ፎቶአቸውን አጉልተው ሲያዩ፣ የቀለም ማተሚያ ማሽኖች በስውር የሚረጯቸውን ቢጫ ነጠብጣቦች አገኙ። ነጠብጣቦቹ የታተሙበትን ቀን ይናገራሉ፤ የአንዳንዶቹ ቀን 2024 ሆኖ ተገኘ።

ወደ ጌሙ ተመልሰው የሚገቡ ካርዶችም አሉ። ኒንቴንዶ በ2001 ካርድ ጠርዝ ላይ የታተሙ ነጥቦችን የሚያነብ ኢ-ሪደር የሚባል ዕቃ አወጣ፤ በ2015 ደግሞ ውስጣቸው ቺፕ ያለ የአኒማል ክሮሲንግ ጌም ካርዶችን። በ2006 የጀመረው የወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት ካርድ ጨዋታ አንዳንድ ካርዱ ሲፋቅ የሚገኝ ቁጥር ነበረው፤ በኮምፒውተሩ ጨዋታ ውስጥ የሚጋለብ የሚያበራ ነብር የሚያስገኘው ከሁሉ ይፈለግ ነበር።

ወረቀቱን ጨርሶ የተዉም አሉ። ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ በ2013 ያስጀመረው ዲጂታል ካርድ ጌሙን እየተጫወትክ ግማሹን ያህል ብቻ ይሰጥሃል፤ የቀረውን ከሌላ ሰው ማግኘት አለብህ። የታጂሪ ገመድ ማለት ነው። በኦክቶበር 2024 የወጣው የፖኬሞን ካርድ የስልክ መተግበሪያ ግን ሲጀምር መለዋወጥ አልነበረውም። በጃንዋሪ 2025 ሲፈቀድም የራስን ካርዶች ማቃጠል የሚጠይቅ ስለነበር ተጫዋቹ አመረረ፤ በዓመቱ አጋማሽ ግዴታው ተነሣ። ወረቀቱ በበኩሉ አልቀነሰም፤ እስከ ማርች 2025 ድረስ የታተመው የፖኬሞን ካርድ ከ75 ቢሊዮን በላይ ነው።

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ በቆየባቸው ሳምንታት ከጎረቤት ልጅ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ እሰማ ነበር። የጎረቤቱ ልጅ ካርድ የለውም፤ ብይ ግን አለው። አንድ ካርድ በሦስት ብይ ተስማሙ፤ የትኛው ካርድ ይሁን የሚለው ግን ሁለት ቀን ፈጀ። አልበሙ ወደ ሜሪላንድ ሲመለስ ሁለት ኪሱ ባዶ ነበር፤ ሻንጣው ውስጥ ደግሞ በካልሲ የተጠቀለሉ ስድስት ብዮች ነበሩ።