ያውቁ ኖሯል? ዚርኮኒየምን የሚሰነጥቀው ሃይድሮጅን

በአብዛኞቹ የኑክሌር ማብላያዎች የዩራኒየም ነዳጅ የሚታሸገው ኒውትሮንን እምብዛም በማይውጥ የዚርኮኒየም ቅይጥ ነው። ቅይጡ በሙቅ ውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲዝግ ሃይድሮጅን ይለቀቃል፤ ከፊሉም ወደ ውስጡ ይሰርጋል።

በ300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ፣ በክብደት ከሚሊዮን 60 እጅ የሚበልጥ ሃይድሮጅን በቅይጡ ውስጥ ሟሙቶ መቆየት ይችላል። ሲቀዘቅዝ መጠኑ ከ1 እጅ በታች ይወርዳል! ትኩስ ሻይ ውስጥ የሟሟ ብዙ ስኳር ሲበርድ እንደሚዘቅጥ ሁሉ፣ ትርፉ ሃይድሮጅን ሃይድራይድ የተባለ ተሰባሪ ውሁድ ሆኖ ይለያል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1983 በካናዳ ፒከሪንግ የኑክሌር ጣቢያ፣ ነዳጁን የያዘ ከዚርኮኒየም ቅይጥ የተሠራ አንድ ሙቅ የግፊት ቱቦ በዙሪያው ያለውን ቀዝቃዛ ቱቦ በመንካቱ፣ በንክኪው ቦታ ሃይድራይድ ተከማችቶ ቱቦው 2 ሜትር ያህል ተተረተረ። በኋላ ቱቦዎቹ ሃይድሮጅንን በዝግታ በሚስብ የዚርኮኒየምና ኒዮቢየም ቅይጥ ተተኩ።